የሶኒክ ፏፏቴ ለምን ፍርግርግ ሆነ?

የድሮ ጌም በፍላት ቴሌቪዥን ላይ የሚበላሽበት ምክንያትና የሚጠራበት መንገድ

ፕሌይስቴሽን 2ን ከቁም ሳጥን አናት አውርዶ፣ አቧራውን አራግፎ፣ ቢጫ፣ ቀይና ነጩን ገመድ ይዞ ሳሎን ወዳለው ፍላት ቴሌቪዥን የሚጠጋ ሰው መጀመሪያ የሚቸገረው መሰኪያ በማጣት ነው። አዳዲሶቹ ቴሌቪዥኖች የኤችዲኤምአይ ቀዳዳ ደርድረው ሦስቱን ክብ ባለቀለም ቀዳዳዎች ጥለዋቸዋል። አንዳንዶቹ ደግሞ ሦስቱንም የጆሮ ማዳመጫ በምትሰካበት ዓይነት አንዲት ትንሽ ቀዳዳ ጠቅልለዋቸዋል፤ ለእሷ የተሠራችው አጭር ገመድ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከካርቶኑ ጋር ተጥላለች።

እንደምንም ተሰክቶ ሲበራ ሁለተኛው ችግር ይመጣል። ስክሪኑ ላይ ያለው የእግር ኳስ ጌም ሰውየው የሚያውቀውን አይመስልም። ተጫዋቾቹ ወደ ጎን ተለጥጠው ወፍረዋል። የማሊያው ቁጥር አይነበብም። የሜዳው ነጭ መስመር ጥርስ አውጥቶ ይንቀጠቀጣል። ጆይስቲኩ ተጭኖ ኳሷ ከእግር እስክትለቅ ድረስም የማይጨበጥ መዘግየት አለ።

«ድሮም እንዲሁ ነበር፤ ያሳመረው ልጅነት ነው» የሚሉ ሞልተዋል። አባባሉ ለጨዋታውም ለትዝታውም ፍትሐዊ አይደለም። ያው ኮንሶል በያው ገመድ ከ21 ኢንች ባለቱቦ ቴሌቪዥን ጋር ሲገናኝ ምስሉ ዛሬም ያምራል። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ ያየ ሰው ጥያቄው የትዝታ ሳይሆን የኤሌክትሮኒክስ እንደሆነ ወዲያው ይገባዋል። ኮንሶሉ የሚልከው ሲግናል አልተለወጠም፤ የተለወጠው ተቀባዩ ነው፤ አዲሱ ተቀባይ ደግሞ የሚላክለትን በተሳሳተ መንገድ ነው የሚረዳው።

ጨረሩና መስመሮቹ

ጥገና ቤቶች «ፒክቸር ቲዩብ» የሚሉት የድሮው ቴሌቪዥን ቱቦ ፒክስል የሚባል ነገር አያውቅም። ከቱቦው አንገት የሚነሳ የኤሌክትሮን ጨረር ፎስፈር የተቀባውን የመስታወቱን ውስጠኛ ገጽ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከላይ ወደ ታች እየጠረገ ምስሉን መስመር በመስመር ይጽፋል። ኢትዮጵያና አብዛኛው አውሮፓ በተከተሉት የፓል ሥርዓት መስመሮቹ 625 ናቸው፤ አሜሪካና ጃፓን በያዙት ኤንቲኤስሲ 525። ሁሉም መስመሮች ግን በአንድ ዙር አይጻፉም። ጨረሩ መጀመሪያ ጎዶሎ ቁጥሮቹን፣ ተመልሶ ደግሞ ሙሉዎቹን ይሞላል። በፓል በሴኮንድ 50፣ በኤንቲኤስሲ ወደ 60 ግማሽ ምስሎች ይሳላሉ። 50 እና 60 የሚሉት ቁጥሮች የተወሰዱት ሥርዓቶቹ ከተወለዱባቸው አገሮች የኤሌክትሪክ መስመር ድግግሞሽ ነው።

በነገራችን ላይ በልጅነታቸው ከውጭ ሲገቡ ድምፁ የተዘጋ ቴሌቪዥን መብራቱን በጆሯቸው ያውቁ የነበሩ ሰዎች አልተሳሳቱም። የፓል ቴሌቪዥን በሴኮንድ 15,625 መስመር ሲጽፍ ውስጡ ያለው ትራንስፎርመር በዚያው ልክ ቀጭን ፉጨት ያወጣል። ዕድሜ ሲገፋ ጆሮ መጀመሪያ የሚያጣው እንዲህ ዓይነቱን ቀጭን ድምፅ ስለሆነ ወላጆች አይሰሙትም ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1983 (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶችም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ኔንቲዶ ጃፓን ውስጥ ፋሚኮምን ሲያወጣ የመሣሪያው ምስል በአግድም 256፣ በቁመት 240 ነጥብ ብቻ ነበረው። ኢንጂነሮቹ አንዲት ብልሃት ተጠቀሙ። ቴሌቪዥኑ ሁለተኛውን ዙር በመጀመሪያዎቹ መስመሮች መሐል እንዲጽፍ የሚያዝዘውን የጊዜ ልዩነት ከሲግናሉ ውስጥ አወጡት። ጨረሩም በየዙሩ እዚያው መስመር ላይ ደጋግሞ ይጽፋል። ውጤቱ በሴኮንድ 60 ሙሉ ምስል፣ የማይርገበገብ፣ በየመስመሩ መሐል ቀጭን ጥቁር ክፍተት ያለው ነው። ሱፐር ፋሚኮም፣ የሴጋው ሜጋ ድራይቭና የመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን አብዛኛውን ጨዋታቸውን ያሳዩት በዚሁ መንገድ ነው። ባለሙያዎች 240ፒ ይሉታል።

240ፒ በየትኛውም የቴሌቪዥን ሥርጭት ደንብ ውስጥ ያልተጻፈ ነው። ለቱቦው ይህ ግድ አልሰጠውም፤ ጨረሩ የታዘዘውን ይጽፋል እንጂ ደንብ አያገላብጥም። ጣጣው የመጣው ደንብ የሚያገላብጥ ቴሌቪዥን ሲመጣ ነው።

> 240ፒ በየትኛውም የሥርጭት ደንብ ያልተጻፈ ነው፤ ቱቦው ግን ደንብ አያገላብጥም ነበር።

ፍላቱ የሚሳሳተው የት ላይ ነው?

ፍላት ቴሌቪዥን ቁጥራቸው የተወሰነ፣ ቦታቸውን የማይለቁ ፒክስሎች አሉት። ፎርኬ የሚባለው 3840 በ2160 ነው። የሚገባለትን ሁሉ ወደዚህ ልክ ማሳደግ ግዴታው ሲሆን፣ ከማሳደጉ በፊት ደግሞ የገባው ምን እንደሆነ መወሰን አለበት። 240ፒ ሲመጣለት አብዛኛው ሞዴል «ይህ የተለመደው ባለግማሽ ምስል ሥርጭት ነው» ብሎ ይደመድማል። ከዚያ ሁለት ተከታታይ ሙሉ ምስሎችን እንደ አንድ ምስል ሁለት ግማሾች ቆጥሮ ይሰፋቸዋል።

ይህ ስህተት በተለይ የሚጎዳው በፍጥነት ብልጭ ድርግም የሚሉ ነገሮችን ነው። የድሮ ጌም ሠሪዎች ጥላን ወይም ጭስን አሳልፎ የሚያሳይ ለማስመሰል ሥዕሉን በአንዱ ምስል አሳይተው በሚቀጥለው ይደብቁት ነበር። በቱቦ ላይ ዓይን ሁለቱን አዋህዶ ግማሽ ግልጽ ጥላ ያያል። በፍላቱ ስፌት ግን ጥላው ወይ የማበጠሪያ ጥርስ የመሰለ ሽንትር ይሆናል፣ ወይ ጨርሶ ይጠፋል። ጠላት ነክቶት የሚርገበገበው ገጸ ባሕርይ ለአፍታ ከስክሪኑ የሚሰወርበት ጊዜም አለ።

ስሌቱ ጊዜ ይወስዳል፤ መዘግየቱ የሚመጣው ከዚህ ነው። በሴኮንድ 60 ምስል ሲታይ አንዱ ምስል የሚቆየው 17 ሚሊሴኮንድ እንኳ አይሞላም። ቴሌቪዥኑ ምስል ለማሳመር ሦስት አራቱን ቢያጠራቅም ማሪዮ የሚዘለው ጉድጓዱ ውስጥ ከገባ በኋላ ይሆናል። በ2001 ለጌምኪዩብ የወጣው «ሱፐር ስማሽ ብሮስ ሜሌ» ተወዳዳሪዎች ከሃያ ዓመት በኋላም እነዚያን ከባድ ባለቱቦ ቴሌቪዥኖች ወደ ውድድር አዳራሽ ሲሸከሙ የኖሩት ለዚህ ነው። በአሜሪካ የሚካሄደው የክላሲክ ቴትሪስ የዓለም ሻምፒዮናም ለዓመታት ኦሪጅናል ኮንሶልና ባለቱቦ ቴሌቪዥን ሲደረድር የቆየው በናፍቆት አይደለም። በእነዚህ ጨዋታዎች አንድ ምስል ያህል መዘግየት አሸናፊውን ይለውጣል።

በዚህ ላይ ለፊልም ታስበው የተሠሩ «ማሻሻያዎች» ይጨመራሉ። ጠርዝ ማጉያው በእያንዳንዱ ፊደል ዙሪያ ነጭ ጥላ ይሥላል። ዝቃጭ ማጽጃው (ኖይዝ ሪዳክሽን የሚባለው) ሠዓሊው በጥንቃቄ የበተናቸውን ነጥቦች ቆሻሻ መስለውት ያጠፋቸዋል። አራት ለሦስት ሆኖ የተሳለው ምስል ሰፊውን ስክሪን እንዲሞላ ይለጠጣል፤ ክብ የነበረችው ኳስ ድንች ትሆናለች።

ለድብዛዜ የተሳለ ሥዕል

በ1991 በወጣው «ሶኒክ ዘ ሄጅሆግ» የመጀመሪያው ደረጃ፣ ግሪን ሂል ላይ፣ ፏፏቴ አለ። በቱቦ ቴሌቪዥን ሲታይ ከጀርባው ያለው ነገር በስሱ የሚታይበት ብርሃናማ ውኃ ነው። ያንኑ ጌም በጠራ ዲጂታል ስክሪን የከፈተ ሰው ግን ውኃ ሳይሆን ቀጥ ብለው የቆሙ የብረት ዘንጎች የመሰሉ መስመሮችን ያያል፤ የመስኮት ፍርግርግ ነው የሚመስለው።

ሥዕሉ አልተበላሸም። ድሮም የተሳለው እንደዚያው ነው። ሜጋ ድራይቭ ሊያወጣ ከሚችላቸው 512 ቀለሞች በአንድ ጊዜ ማሳየት የሚችለው 64 ያህሉን ብቻ ሲሆን፣ አንዱን ሥዕል በሌላው ላይ በስሱ የማሳለፍ ችሎታ ደግሞ ከነጭራሹ የለውም ነበር። ሠዓሊዎቹ አንዱን ዓምድ ውኃ፣ ቀጣዩን ባዶ፣ እንደገና ውኃ አድርገው ሳሉት፤ የቀረውን ለቢጫው ገመድ ተዉለት። ቢጫው ገመድ ብርሃንንና ቀለምን በአንድ ሽቦ አፍኖ ስለሚያሳልፍ ጎን ለጎን ያሉ ነጥቦች እርስ በእርስ ይቀላለቃሉ። በሐበሻ ቀሚስ ጥልፍ ላይ ቀይና ቢጫው ክር ተራ በተራ ገብቶ ከሩቅ ብርቱካናማ እንደሚመስለው ማለት ነው። አዲሱ ስክሪን ተመልካቹን ጥልፉ ላይ አፍንጫው እስኪነካ አስጠግቶ ክሮቹን ያስቆጥረዋል።

ሌላው በሰብሳቢዎች ዘንድ የታወቀ ምሳሌ በ1997 ለፕሌይስቴሽን ከወጣው «ካስልቬኒያ፦ ሲምፎኒ ኦቭ ዘ ናይት» የሚወሰደው የድራኩላ ፊት ነው። በጠራ ስክሪን ዓይኑ ሲጎላ የሚታየው ቀይ ካሬ ነጥብ ብቻ ነው፤ ዓይን ነው ለማለት እንኳ ያስቸግራል። ያው ነጥብ በቱቦ ላይ ሲያርፍ ቀዩ ወደ ጎረቤቶቹ ይፈሳል፣ ጠርዙ ይለዝባል፣ ከጨለማ ውስጥ የሚያበራ ብሌን ይሆናል። ነጥቡ አንድ ነው። ልዩነቱን የፈጠረው ፎስፈሩና የጨረሩ ውፍረት ነው።

እዚህ ላይ የድሮ ጌም ወዳጆች ለሁለት ይከፈላሉ። አንደኛው ወገን ጥርት ያለ፣ ጠርዙ የተቆረጠ ፒክስል ይፈልጋል፤ የሠዓሊው እጅ የሚታየው በዚያ ነው ይላል። ሌላው ወገን መስመሩ፣ ድብዛዜው፣ የመስታወቱ ጉብታ ሳይቀር ካልተመለሰ ጌሙ ጌም አይደለም ባይ ነው። ክርክሩ አንዱን ጌም ከሌላው የሚያስፈልገውን ያህል የሚለይ አይመስልም። ጥቂት ቀለም ባለው በፋሚኮሙ «ሱፐር ማሪዮ ብሮስ» ላይ ጥርት ያለው ፒክስል አያስከፋም፤ እንዲያውም ያምራል። እንደ ፏፏቴው ባለ የነጥብ ብተና የተሞሉት የሜጋ ድራይቭና የመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን ጨዋታዎች ግን ያለ ድብዛዜ ራቁታቸውን ይቀራሉ። መፍረድ ያለበት ጌሙ ነው፤ ቡድኑ አይደለም።

> ነጥቡ አንድ ነው፤ ዓይን ያደረገው ፎስፈሩ ነው።

መጀመሪያ ገመዱ

የምስል ጥራት ጉዳይ ሲነሳ ብዙ ሰው ቀድሞ የሚያስበው ስለ ቴሌቪዥኑ ነው። መጀመር ያለበት ግን ከኮንሶሉ ጀርባ ነው። ከአንድ ኮንሶል ምስል የሚወጣበት መንገድ ብዙ ሲሆን፣ በመንገዱ ላይ የጠፋውን በኋላ የሚመልሰው ማሽን የለም።

ዝቅተኛው በአንቴና ቀዳዳ የሚገባው ነው፤ ምስሉም ድምፁም እንደ ጣቢያ ሥርጭት ተደርጎ ይላካል። ቀጥሎ ቢጫው ገመድ ይመጣል። ኤስ ቪዲዮ ብርሃኑንና ቀለሙን በሁለት ሽቦ ይለያል፤ ይህች ብቻዋን የፊደል ጠርዝ ላይ የሚሳበውን የነጥብ ሰልፍ ታጠፋለች። ከሁሉ የሚሻለው ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊን ለየብቻ የሚያደርሰው አርጂቢ ነው። አውሮፓውያን በዚህ ዕድለኞች ነበሩ፤ ፈረንሳይ ከ1980ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ አገር ውስጥ በሚሸጥ ቴሌቪዥን ላይ ሁሉ ስካርት የተባለውን ሰፊ ባለ 21 እግር መሰኪያ አስገዳጅ ስላደረገች ልጆቻቸው ሳያውቁት በአርጂቢ ተጫወቱ። ሱፐር ፋሚኮም፣ ሜጋ ድራይቭና ፕሌይስቴሽን አርጂቢ የማውጣት ችሎታቸው ከፋብሪካ ነው። ፋሚኮም ግን ቺፑ ራሱ ቀለሙን አደባልቆ ስለሚያመርት ውስጡ ተከፍቶ ተጨማሪ ሰሌዳ ካልተበየደለት አርጂቢ አይሰጥም።

ገበያ ውስጥ በብዛት የሚሸጠው መፍትሔ ደግሞ ሌላ ነው፤ የክብሪት ሳጥን የማይሞላ፣ በአንድ ጎኑ ሦስቱ ባለቀለም ቀዳዳዎች፣ በሌላው ኤችዲኤምአይ ያለው፣ ጀርባው ላይ «1080ፒ» የሚል የተጻፈበት ኮንቨርተር። ጽሑፉ ውሸት አይደለም፤ የሚወጣው በእርግጥ 1080 ነው። ነገር ግን የሚቀበለው ቢጫውን ገመድ ስለሆነ ጉዳቱ ከመግባቱ በፊት ደርሷል፤ 240ፒንም እንደ ቴሌቪዥኑ በተሳሳተ መንገድ ይሰፋዋል፤ አራት ለሦስቱንም አብዛኛውን ጊዜ ይለጥጠዋል። መሰኪያ ለጠፋበት ሰው ይጠቅማል። ጥራት ፈልጎ ለገዛ ሰው ግን ገንዘቡ ባክኗል።

ኢትዮጵያ ውስጥ ነገሩን የሚያወሳስብ አንድ የቆየ ጣጣም አለ። ከአሜሪካ በዘመድ እጅ የመጣ ኮንሶል ኤንቲኤስሲ ነው፤ ፓል ብቻ በሚያውቅ ቴሌቪዥን ላይ በቢጫ ገመድ ሲሰካ ምስሉ ጥቁርና ነጭ ይሆናል ወይም ይንከባለላል። የቀለም አላላኩ ስለሚለያይ እንጂ ኮንሶሉ ተበላሽቶ አይደለም። የአሜሪካው ፕሌይስቴሽን 2 በ120 ቮልት ብቻ የሚሠራ መሆን አለመሆኑን ሳያይ በቀጥታ 220 ላይ የሰካው ሰው ግን በእርግጥም ኮንሶሉን ሊያጣው ይችላል። በተቃራኒው ፓል ኮንሶሉን ይዞ ወደ ዋሽንግተን የሄደ ሰው እዚያ የሚሸጡ ብዙ ቴሌቪዥኖች የ50 ሄርዝ ሲግናል እንደማይቀበሉ ያገኘዋል።

የፓል ጌሞች ሌላም ጉድለት አለባቸው። ብዙ ኩባንያዎች ለ60 ምስል የጻፉትን ጌም ሳያስተካክሉ በ50 አወጡት፤ ስለዚህ ከላይና ከታች ጥቁር ክር እየቀረ ጨዋታው ከአንድ ስድስተኛ ያላነሰ ተጎተተ። በአውሮፓ ያደጉ ልጆች የሚያውቁት የመጀመሪያው ሶኒክ ሙዚቃ ከጃፓኖቹ የዘገመ ነው።

እውነቱን የሚነግሩ ሳጥኖች

ጥያቄው «እንዴት እናሳድገው?» ብቻ ቢሆን ቴሌቪዥኑ ራሱ ይበቃ ነበር። የጎደለው ለቴሌቪዥኑ የሚገባለትን ሲግናል በትክክል የሚነግር አማላጅ ነው። የመጀመሪያው ዝነኛ አማላጅ የጃፓኑ ማይኮምሶፍት በ2010ዎቹ መጀመሪያ ያወጣው ፍሬምማይስተር ነው። 240ፒን ለይቶ ያውቃል፣ ሳይሰፋ ያሳድገዋል፣ ከተፈለገም በየመስመሩ መሐል የድሮውን ጥቁር ክፍተት ይሥላል።

ከዚያ ፊንላንዳዊው ማርከስ ሂየንካሪ ኦኤስኤስሲ የተባለውን ሳጥን ንድፉ ለሁሉም ክፍት እንዲሆን አድርጎ ሠራ። የዚህኛው ሐሳብ ቀላልነቱ ያስደንቃል። ሙሉ ምስል አያጠራቅምም። አንድ መስመር ሲገባለት ያችኑ መስመር ሁለቴ፣ ሦስቴ ወይም አምስቴ ደግሞ ያስወጣታል። ስለማይጠብቅ መዘግየቱ ከቁጥር አይገባም። ጉድለቱ እንግዳ ልክ ያለው ሲግናል ስለሚያወጣ ሁሉም ቴሌቪዥን አለመቀበሉ ነው፤ አንዱ ጋ ያማረው ሌላው ጋ «ሲግናል የለም» የሚል ጽሑፍ ያመጣል።

ማባዛቱ ሙሉ ቁጥር መሆኑ ራሱን የቻለ ቁም ነገር ነው። 1080ን ለ240 ብናካፍል አራት ተኩል ይመጣል። ግማሽ ፒክስል የለም፤ ስለዚህ አንዱ መስመር አራት፣ ጎረቤቱ አምስት ፒክስል ይደርሰዋል። ቆሞ ሲታይ ላያስታውቅ ይችላል። ካሜራው ወደ ላይ ሲንቀሳቀስ ግን የገጸ ባሕርዩ ወገብ በየቅጽበቱ ሲቀጥንና ሲወፍር፣ የጡብ ግድግዳው እንደ ውኃ ሲንቀለቀል ይታያል። መፍትሔው ወይ ጠርዙን በትንሹ ማለዘብ ነው፣ ወይ ከላይና ከታች ጥቂት መስመር ቆርጦ በአምስት ማባዛት። ፎርኬ ሲመጣ ግን ሒሳቡ በአጋጣሚ ተስተካከለ፦ 2160 የ240 ዘጠኝ እጥፍ ነው፤ ምንም አይተርፍም።

ይህንን በሚገባ የተጠቀመው በ2023 መጨረሻ የወጣው የአሜሪካዊው ማይክ ቺ ሬትሮቲንክ ፎርኬ ነው። ለእያንዳንዷ የድሮ ነጥብ ዘጠኝ መስመር ያህል ቦታ ሲኖር የቱቦውን ገጽ ራሱን መሣል ይቻላል፦ የጨረሩ መሐል ብሩህ፣ ዳሩ ፈዛዛ፤ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ የፎስፈር ሰንበሮች እንደ ሶኒ ትሪኒትሮን በቁም ተሰድረው። ሰንበሩና ጥቁሩ ክፍተት ብርሃን ስለሚበሉ የዘመኑን ቴሌቪዥኖች ትርፍ ድምቀት፣ ኤችዲአር የሚባለውን፣ ለማካካሻ ይጠቀምበታል። ስክሪኑ ላይ ተጠግቶ ላየው ቀለማት ብቻ ናቸው፤ ወደ ሶፋው ሲመለስ የሶኒክ ፏፏቴ ውኃ ይሆናል።

የሬትሮቲንክ ፎርኬ ዋጋ ሲወጣ 750 ዶላር ነበር። ከኮንሶሉ ብዙ እጥፍ መሆኑን ራሳቸው ገዢዎቹም ሳይስቁ አይናገሩትም።

> 2160 የ240 ዘጠኝ እጥፍ ነው፤ ምንም አይተርፍም።

ቱቦውን ራሱን የሚፈልጉ

ሳጥን አንገዛም፣ ኦሪጅናሉን እናገኛለን የሚሉም አሉ። የእነሱ ሕልም ሶኒ ለቴሌቪዥን ስቱዲዮና ለሆስፒታል የሠራቸው ፒቪኤም የሚባሉ ባለሙያ ሞኒተሮች ናቸው። ስቱዲዮዎች ወደ ዲጂታል ሲዞሩ እንደ ቁርጥራጭ ብረት የተጣሉት እነዚህ ሞኒተሮች ዛሬ ሰብሳቢዎች የሚሻሙባቸው ዕቃዎች ሆነዋል። ሶኒ በ1980ዎቹ መጨረሻ የሠራው፣ 43 ኢንች የሆነና ክብደቱ ወደ 200 ኪሎ የሚጠጋ ግዙፍ ቱቦ ኦሳካ ውስጥ በአንድ የኑድል ምግብ ቤት ፎቅ ላይ ተገኝቶ፣ ሕንፃው ሳይፈርስ ወርዶ ወደ አሜሪካ ተጓጉዟል።

ቱቦ ሳጥኖቹ እስካሁን ሙሉ በሙሉ ያልደረሱበት አንድ ብልጫ አለው፤ እንቅስቃሴ። በቱቦ ላይ እያንዳንዷ ነጥብ ለቅጽበት በርታ ትጠፋለች። ፍላት ቴሌቪዥን ግን ምስሉን እስከሚቀጥለው ድረስ ይዞት ይቆያል፤ ዓይን የሚሮጠውን ሶኒክ ሲከተል የቆመው ምስል ይጎተትበታል፣ ይደበዝዝበታል። በምስሎች መሐል ጥቁር ማስገባት ይረዳል፤ ብርሃን ግን ይቀንሳል። በ2024 መጨረሻ የጨረሩን አካሄድ ራሱን ከላይ ወደ ታች የሚያስመስል ሶፍትዌር ቀርቧል፤ ጥሩ ሆኖ እንዲታይ በሴኮንድ 240 እና ከዚያ በላይ ምስል የሚያሳይ ስክሪን ይፈልጋል።

የጥገና ባለሙያዎች ግን ቱቦን ለመክፈት ለሚቸኩል ጀማሪ ሁሉ የሚነግሩት አንድ ነገር አላቸው፦ ከመሰኪያ ተነቅሎም ቢሆን ቱቦው ውስጥ ከሃያ ሺህ ቮልት በላይ ተቋጥሮ ሊቆይ ይችላል። በጠመንጃ መፍቻ የሚሞከር ነገር አይደለም።

ያለ ብዙ ወጪ

750 ዶላር የሌለው፣ 200 ኪሎ ቱቦም የማይፈልግ ሰው ምን ያድርግ? ከሪሞቱ ይጀምር። የቴሌቪዥኑን የምስል ዓይነት «ጌም» ላይ ማድረግ በአንዳንድ ሞዴሎች ከመቶ ሚሊሴኮንድ የሚያልፈውን መዘግየት ወደ አሥርና ሃያ ያወርደዋል። የምስሉን ስፋት ወደ አራት ለሦስት መመለስ፣ የጠርዝ ማጉያውን እስከ ታች ማውረድ፣ ዝቃጭ ማጽጃውንና እንቅስቃሴ ማለስለሻውን ማጥፋት አንድ ሳንቲም አያስወጣም። ብዙ ሰው ግን አያደርገውም።

የፕሌይስቴሽን 2 ባለቤት ቢጫውን ገመድ በኮምፖነንት ገመድ ቢለውጠው ከማንኛውም ርካሽ ኮንቨርተር የበለጠ ለውጥ ያያል። ቀዩ፣ አረንጓዴውና ሰማያዊው ጫፍ ለምስል፣ ሌላው ቀይና ነጩ ለድምፅ ነው። ኮንሶሉ ያለ ዲስክ ሲበራ በሚመጣው ማስተካከያ ውስጥ የኮምፖነንት ምርጫው ከአርጂቢ ወደ ዋይ ሲቢ ሲአር መቀየር አለበት፤ አለበለዚያ ቀለሙ ይዘበራረቃል። «ግራን ቱሪስሞ 4»ን የመሳሰሉ ጥቂት ጨዋታዎች ከዚያ በኋላ ግማሽ ምስል መላኩን ትተው በ480ፒ መታየት ይችላሉ። ሁሉም የፕሌይስቴሽን 3 ሞዴሎች ደግሞ የመጀመሪያውን ፕሌይስቴሽን ኦሪጅናል ዲስክ በኤችዲኤምአይ እንደሚያጫውቱ ብዙ የጌም ቤት ደንበኛ አያውቅም። ዲስኩ ከኮንሶሉ ክልል ጋር መግጠም አለበት፤ የተቀዳ ዲስክ ግን አይሠራም።

ኮምፒውተር ያለው ሰው የቱቦን ገጽ በነፃ ያገኛል። ሬትሮአርክ በተባለው ሶፍትዌር ላይ የሚጫኑት «ሼደር» የሚባሉ ማጣሪያዎች፣ በተለይም ሲአርቲ ሮያል፣ ሰንበሩን፣ ጥቁሩን መስመርና የቀለም መፍሰሱን በግራፊክስ ካርዱ አስልተው ይሥላሉ። ከዚህ ከፍ ሲል ሚስተር የተባለው ፕሮጀክት አለ፤ የድሮውን ኮንሶል በሶፍትዌር ከማስመሰል ይልቅ የቺፖቹን አሠራር እንደገና በሚዋቀር ቺፕ ላይ ይገነባዋል። ምስሉ በኤችዲኤምአይ ወደ አዲሱ፣ በአናሎግ ደግሞ ወደ ቱቦው ይወጣል።

እነዚህ ሁሉ ተሰብስበው የማይፈቱት አንድ ጨዋታ አለ። በ1984 የወጣው «ደክ ሃንት» ተጫዋቹ የፕላስቲኩን ሽጉጥ ሲተኩስ ስክሪኑን ለቅጽበት ያጨልማል፣ ዳክዬዋ ባለችበት ቦታ ነጭ ካሬ ያበራል። በሽጉጡ አፈሙዝ ውስጥ ያለው የብርሃን መቀበያ በዚያች ቅጽበት ብርሃን ካየ ተመታች ማለት ነው። መቀበያው የሚጠብቀው የጨረሩን የመስመር ምት ሲሆን ፍላት ቴሌቪዥን ያ ምት የለውም፤ ካሬውም ዘግይቶ ነው የሚመጣው። ስለዚህ አፈሙዙ ስክሪኑን ቢነካ እንኳ ዳክዬዋ አትሞትም። ሲንደን የተባለው አዲስ የጌም ሽጉጥ ካሜራ ተገጥሞለት በስክሪኑ ዙሪያ በሚሳል ነጭ ክፈፍ ዒላማውን ስለሚያሰላ ከኮምፒውተር ጋር በፍላት ላይ ይሠራል። የኔንቲዶውን ኦሪጅናል ሽጉጥ ይዞ የቀረ ሰው ግን ወደ ቴሌቪዥን ጥገና ቤት ሄዶ ማንም ያልወሰደው ባለ 14 ኢንች ቱቦ እንዳለ ቢጠይቅ ይሻለዋል።